የኮንትሮል ሩም ኦፕሬተር ቦታ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ላሳድግ ወይስ ከውጭ ልቅጠር?

ጥያቄ፦ የሰው ሀብት ኃላፊ (ክሎሪን ፋብሪካ)

ሰላም ለሁላችሁ። ክሎሪንና ካስቲክ ሶዳ በሚያመርት ፋብሪካ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ቅርብ ጊዜ ነው። ከዚህ በፊት የሠራሁት ባንክ ውስጥ ነው። ሠራተኛ ማኅበር ያለበት መሥሪያ ቤት ለእኔ አዲስ ነው። እዚህ ያለው ማኅበር ደግሞ ጠንካራ ነው፤ የኅብረት ስምምነቱም ወፍራም ነው።

ችግሬን ልንገራችሁ። ከኮንትሮል ሩም ኦፕሬተሮቹ አንዱ ጡረታ ወጡ። የምርት ሥራ አስኪያጁ «ኬሚካል ምህንድስና የተማረ ሰው ከውጭ ቶሎ ቅጠሪልኝ» ይለኛል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ «ስምምነቱ የውስጥ ማስታወቂያ ይቅደም ይላል። ቦታው በአገልግሎት ዘመን ለሚቀድመው ፊልድ ኦፕሬተር (ውጭ መሣሪያዎቹ ዘንድ ለሚሠራው) ነው» ይላሉ። ሁለቱም ቢሮዬ እየመጡ ይነግሩኛል፤ እርስ በርስ ግን ሆድና ጀርባ ናቸው።

በዚህ መሀል የቀሩት ኦፕሬተሮች የጎደለውን ፈረቃ በትርፍ ሰዓት እየሸፈኑ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ዓይኑ ደም መስሎ ርክክብ ሲያደርግ አይቼ ደነገጥኩ።

ምን ላድርግ? ማኅበሩን ማስቀየም አልፈልግም። ያልበቃ ሰው ክሎሪን ላይ ማስቀመጥም አልፈልግም። ከሁለቱም ወገን የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የቀድሞ የፈረቃ መሪ

እህቴ፣ ዓይኑ ከቀላው ልጅ ልጀምር። አንቺ መጨረሻ ላይ ጻፍሽው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው።

እኔ ፊልድ ኦፕሬተር ሆኜ ገብቼ፣ ፓነል (የኮንትሮል ሩሙ መቆጣጠሪያ) ላይ ተቀምጬ፣ ፈረቃ መርቼ፣ በኋላም በማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ አገልግያለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከሁለቱም በኩል ያየሁትን ነው። በኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ክፍት የሥራ መደብ ማለት በመዋቅር ሠንጠረዥ ላይ ያለ ባዶ ሳጥን ብቻ አይደለም። የደህንነት ጉዳይ ነው። ይህን ሥራ አስኪያጁም ሊቀመንበሩም እኩል ከተረዱት ግማሹ ጠብ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2005 አሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የደረሰውን ፍንዳታ ምርመራ አንብቢው። 15 ሰዎች ሞቱ፤ 180 ቆሰሉ። የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት መርማሪ ቦርድ በ2007 ባወጣው ሪፖርት ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? የዚያ ክፍል ኦፕሬተሮች የ12 ሰዓት ፈረቃ ለ29 ቀንና ከዚያ በላይ ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ነበር። ኮንትሮል ሩም ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ሦስት ክፍሎችን ብቻውን ይከታተል ነበር። አንደኛውን ክፍል ሥራ የማስጀመር ሂደት ላይ ነበሩ፤ ብዙ ትኩረት የሚፈልገው ሰዓት ደግሞ ያ ነው። ነዳጁ የሚለይበት ማማ ከልክ በላይ ሲሞላ ማንም በጊዜ አላወቀም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1974 እንግሊዝ አገር ፍሊክስቦሮ ላይ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ፈንድቶ 28 ሰዎች ሞቱ። 18ቱ ኮንትሮል ሩም ውስጥ የነበሩ ናቸው። አንድ ሪአክተር (ኬሚካሉ የሚዋሃድበት ትልቅ ጋን) ተሰንጥቆ ሲወጣ ቦታውን በጊዜያዊ ቧንቧ አገናኙት። የቧንቧው ንድፍ የተሠራው በወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ነው። ይህን ማየትና «ተው» ማለት የነበረበት የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ሥራ ለቆ ነበር፤ የሚተካው ሰው ገና አልተቀጠረም። አንድ ክፍት መደብ ማለት ይህ ነው። አንቺም የያዝሽው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዚህ ላይ ታይዋለሽ።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ከቅጥሩ በፊት፣ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ስለ ትርፍ ሰዓት ጣሪያ ተነጋገሩ። አንድ ሰው በተከታታይ ስንት ፈረቃ ሊሠራ ይችላል? ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ያርፋል? ሰው ከጠፋ ምርቱ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? የመጨረሻውን ጥያቄ ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይመልስ። ማኅበሩም የራሱን ድርሻ ይውሰድ። ትርፍ ሰዓት ገቢ ነው፤ ጣሪያ ሲባል ቅር የሚላቸው አባላት ይኖራሉ። እኔ በማኅበሩ በኩል ሆኜ ለአባሎቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ አልወደዱልኝም። መባል ግን ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። የኅብረት ስምምነቱን አውጪና ስለ ዕድገት የሚናገረውን አንቀጽ ቃል በቃል አንብቢ። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለ። አንደኛው «መመዘኛውን ካሟሉት መካከል በአገልግሎት የሚቀድመው ያድጋል» ይላል። ሁለተኛው «ችሎታቸው እኩል ሲሆን በአገልግሎት የሚቀድመው ያድጋል» ይላል። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰው የማለፊያ ነጥቡን ካገኘ በቃ፣ ሌላው የበለጠ ጎበዝ ቢሆንም ቦታው የአንጋፋው ነው። በሁለተኛው ደግሞ መጀመሪያ ችሎታ ይመዘናል፤ የአገልግሎት ዘመን የሚመጣው ሲተካከሉ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩና ሥራ አስኪያጁ የሚከራከሩት ምናልባት አንቀጹን ሳይከፍቱ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በሁለቱም አጻጻፍ ግን አንድ ነገር ያስፈልግሻል፤ መመዘኛ። «ልምድ ያለው፣ ትጉህ፣ ታታሪ» የሚል መመዘኛ ውሃ አያነሳም። ፓነል ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ማድረግ መቻል አለበት? በእናንተ ፋብሪካ ለምሳሌ «የክሎሪን ኮምፕረሰሩ በድንገት ቢቆም መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ጋዙ መውጫ ካጣ ከኤሌክትሮላይዘሮቹ (በኤሌክትሪክ ክሎሪን ከሚያወጡት መሣሪያዎች) ጀምሮ ግፊቱ ይነሳል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ መቆረጥ አለበት። ጋዙም ክሎሪኑን በካስቲክ ሶዳ አጥቦ ወደሚያስቀረው ወደ ካስቲክ ማጠቢያው መሄድ አለበት። ማጠቢያው ውስጥ ካስቲኩ እየተዘዋወረ መሆኑን፣ ጥንካሬውም በቂ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያስብ ይነግርሻል፤ ከዚያም የትኛው ቫልቭ እንደሚያስቸግር ይጨምርልሻል። ክሎሪን ከአየር ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እንደሚሄድና ሰው ወደ የት መሸሽ እንዳለበትም መናገር አለበት። ዲግሪ ያለውም የሌለውም በዚህ ይፈተን።

ሌላው ፈተና መሬት ላይ ነው። የቧንቧ መስመር ንድፉን ስጪውና «ይህን መስመር ከታንኩ እስከ ፓምፑ እየሄድክ አሳየኝ» በይው። አንጋፋ ፊልድ ኦፕሬተር እዚህ ላይ ያበራል። ንድፉ ላይ የሌለ ቫልቭ ያሳይሻል።

ፈተናውን ማኅበሩም እንዲያየውና እንዲስማማበት አድርጊ። የማለፊያ ነጥቡም ተፈታኞቹ ከመታወቃቸው በፊት ይጻፍ። ስሞቹ ከታወቁ በኋላ የሚወጣ መመዘኛ ለአንዱ ተብሎ የተሰፋ ነው ይባላል፤ መባሉም ልክ ነው።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚዘነጋውን ልንገርሽ። ፊልድ ኦፕሬተሩ ሲያድግ የእሱ ቦታ ባዶ ይሆናል። እዚያ ረዳቱ ሲገባ የረዳቱ ባዶ ይሆናል። አንድ ጡረታ ሦስት ቦታ ይከፍታል። ስለዚህ «ከውስጥ ወይስ ከውጭ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሁለቱን ያለ ምክንያት ያጣላቸዋል። ለፓነሉ የውስጥ ማስታወቂያ አውጪ። በዚያው ቀን ለረዳት ኦፕሬተር የውጭ ማስታወቂያ አውጪ። ሥራ አስኪያጁ የፈለገውን የተማረ ወጣት በታችኛው መደብ ያገኛል፤ ወጣቱም ከታች ጀምሮ ቫልቮቹን በእጁ እየነካ ያድጋል። ማኅበሩም ስምምነቱ ተከበረለት። ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ከጠበቅሽ ግን ትርፍ ሰዓቱ ወራት ይቀጥላል።

ለሚያድገው ሰው የሙከራ ጊዜ ስጪ፤ ካልተመቸው ወደ ቀድሞ ቦታው ያለ ቅጣት እንዲመለስም በጽሑፍ አረጋግጪለት። ይህ ከሌለ ሁለት መጥፎ ነገር ይመጣል። ጎበዞቹ ፈርተው አይወዳደሩም። ያደገው ደግሞ እንዳልቻለ እያወቀ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ፓነል ኦፕሬተር አያድርስ ነው።

እንዲሁም ለፓነል የሠለጠነ ሰው ወዲያው ሌላ የቀን ሥራ እንዳይወዳደር የሚያቆይ ጊዜ ከማኅበሩ ጋር ተስማሙበት። ማሠልጠን ወራት ይፈጃል።

መልስ፦ ሁለት ፋብሪካ የሠራች የሰው ሀብት ባለሙያ

ከላይ የተባለው ላይ ጥቂት ልጨምር፤ በተለይ የውጭ ቅጥሩ ላይ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ማንም ሰው «የማኅበር አባል ነበርክ ወይ?» ብሎ እንዳይጠይቅ። ሥራ አስኪያጁን አስቀድመሽ አስጠንቅቂው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 98ኛ ስምምነት ማኅበር አለመግባትን ወይም ከማኅበር መውጣትን የቅጥር ቅድመ ሁኔታ ማድረግን በግልጽ ይከለክላል። በቀልድ መልክ የተጠየቀም ቢሆን በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጆሮ ይደርሳል። ከዚያ ያ ወጣት ሳይጀምር የአስተዳደር ሰው ተብሎ ይፈረጃል። ለልጁ ራሱ ያሳዝናል።

ማስታወቂያው ላይ የሥራውን ባሕርይ ሳትሸፋፍኚ ጻፊ። ፈረቃ አለ፣ ሌሊት አለ፣ በዓል አለ። የመተንፈሻ ጭምብል ይደረጋል። ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ጭምብል ጢም ካለ አይገጥምም፤ ክሎሪኑ በጢሙ ሥር ይገባል። በእምነቱ ምክንያት ጢሙን የማይላጭ አመልካች ቢመጣ ወዲያው አትመልሺው፤ አየር የሚነፋ ራስን የሚሸፍን ዓይነት አለ። የደህንነት ክፍሉን ጠይቂ። የቀለም ማየት ምርመራም ፓነል ላይ ለሚቀመጥ ሰው ተገቢ ነው፤ ማንቂያዎቹ በቀይና በአረንጓዴ የሚለዩ ከሆነ ማለቴ ነው። ለሁሉም እኩል አድርጊው፤ ለመጣል የተፈለገውን ሰው ብቻ ሐኪም ቤት መላክ ነውር ነው። የመጀመሪያውን የሳንባና የመስማት ምርመራ ውጤት በደንብ አስቀምጪ። ከዓመታት በኋላ ሠራተኛው «ሥራው ጎዳኝ» ሲል ለእሱም ለድርጅቱም እውነቱን የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።

ሥራ አስኪያጁ «እስከዚያው በኤጀንሲ ሰው እንሸፍን» ሊልሽ ይችላል። ጥበቃና ጽዳት ላይ የሚሠራውን አሠራር ወደ ሂደት ክፍሉ እንዳያመጣው። እ.ኤ.አ. በ1989 ፓሳዴና፣ ቴክሳስ ውስጥ 23 ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታ የደረሰው የኮንትራት ሠራተኞች በሪአክተር ላይ ጥገና በሚሠሩበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በ1992 የወጣው የአሜሪካ የሂደት ደህንነት ደንብ ስለ ኮንትራት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ስለ ሠራተኞች ተሳትፎም እንዲሁ። ማኅበሩ ኤጀንሲን የሚቃወመው ለአባላቱ እንጀራ ብቻ ብሎ ነው ብለሽ አትደምድሚ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ድካም ያለበት ፈረቃ ስህተት ይወልዳል፤ ስህተት ደግሞ ወደ አንቺ የሚመጣው በዲሲፕሊን መልክ ነው። ያ ዓይኑ የቀላው ልጅ ነገ አንድ ማንቂያ ቢያልፈው የቅርብ አለቃው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ከመፈረምሽ በፊት የፈረቃ መዝገቡን አስመጪ። ስንት ሰዓት ሠርቶ ነበር? ማነው ትርፍ ሰዓቱን ያዘዘው? ሠራተኛው ሲጠየቅም የማኅበር ተወካይ አብሮት ይቀመጥ። በአሜሪካ ይህ መብት እ.ኤ.አ. በ1975 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸንቷል፤ በሌላ አገር በኅብረት ስምምነት ይገባል። ለእኔ ግን ሕግ ባያስገድደኝም አደርገዋለሁ። ተወካይ ባለበት የተነገረ ነገር በኋላ «እንዲህ አላልኩም» አይባልበትም፤ ሠራተኛውም ሳይፈራ ይናገራል።

ለጥቂት የተረፈ አደጋን በራሱ ያሳወቀ ሠራተኛን ግን እባክሽ አትቅጪ። አንድ ጊዜ ከተቀጣ ማንም ሁለተኛ አይናገርም።

መልስ፦ ከውጭ ተቀጥሬ የገባሁ ኦፕሬተር

እኔ ሥራ አስኪያጁ የሚፈልገው ዓይነት ሰው ነኝ። በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ በቀጥታ ፓነል ላይ ነው የተመደብኩት። የውስጥ ማስታወቂያ አልወጣም ነበር፤ እኔ ይህን ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው። ማኅበሩ ቅሬታ አቅርቦ ነበር። ቅሬታው በእኔ ላይ አልነበረም፤ ፈረቃ ውስጥ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ማንም አልሰደበኝም። ሥራዬንም አላበላሹብኝም። ግን አይነግሩኝም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የፈረቃ ሰው ያውቀዋል። የአንዱ ታንክ የደረጃ መለኪያ ዝናብ ሲዘንብ ይዋሻል፤ መጽሐፍ ላይ የለም። አንዱ ፓምፕ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ይተዋል፤ አዲስ ሰው ግን ተደናግጦ ያቆመዋል። እነዚህን ሁሉ የሚያውቁት ፊልድ ላይ ያረጁት ሰዎች ናቸው። ቴርሞዳይናሚክስ አውቃለሁ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር። ቅጥሩ በትክክለኛው መንገድ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግሩኝ የነበረውን ለመስማት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

የፈታው ነገር ቀላል ነበር። ራሴ ጠይቄ ለተወሰነ ጊዜ ፊልድ ወረድኩ። ፓነሉን በአገልግሎት የሚቀድመኝ ሰው ያዘ። ናሙና መውሰድ፣ መስመር ማፍሰስ፣ ለጥገና ቫልቭ ቆልፎ ታግ (እንዳይከፈት የሚያስጠነቅቅ ካርድ) ማንጠልጠል፣ ሁሉንም ከእነሱ ተማርኩ። ማኅበሩም ገባሁ። አሁን ርክክብ ስናደርግ የሚነግሩኝ ነገር ከመዝገቡ ይረዝማል።

ስለዚህ የምርት ሥራ አስኪያጅሽን ከውጭ የሚመጣው ወጣት ምን እንደሚጠብቀው ንገሪው። በማኅበሩ ላይ የሚገኝ ድል ልጁ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጠያቂዋ

ጋሼም፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቀጹን ከፍቼ አነበብኩት። «መመዘኛውን ካሟሉት መካከል» ነው የሚለው። ሊቀመንበሩ ትክክል ናቸው ማለት ነው፤ ግን መመዘኛው የትም ተጽፎ አላገኘሁም። የፈረቃ መዝገቡንም አስመጣሁ። ያ ልጅ ሳያርፍ ብዙ ቀን ሠርቷል፤ ዛሬ ቤቱ ሄዶ እንዲተኛ ተደርጓል። የእሱን ፈረቃ የሚሸፍን ሰው ስለጠፋ የምርቱ ጭነት ይቀነስ ብዬ ሥራ አስኪያጁን በጽሑፍ ጠየቅኩት። ተናደደ፤ ግን ቀነሰው።

ሁለቱን ነገ ጠዋት አንድ ላይ ጠርቻቸዋለሁ። በትርፍ ሰዓት ጣሪያ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን ማስታወቂያዎች አንድ ላይ አቀርባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ፈተናውን ማን ያርም? ሥራ አስኪያጁ ካረመ ማኅበሩ አያምንም። ማኅበሩ ካረመ ሥራ አስኪያጁ አያምንም።

መልስ፦ የቀድሞ የፈረቃ መሪ

ጎበዝ። ልጁን ማሳረፍሽ ደስ ብሎኛል።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ አንድ የሂደት መሐንዲስ፣ ከሌላ ፈረቃ አንድ ፓነል ኦፕሬተር፣ አንድ የደህንነት ሰው። ኦፕሬተሩን ማኅበሩ ይመርጠዋል። መሐንዲሱን አስተዳደሩ ይመርጠዋል። የጽሑፉ ፈተና ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ። በመስክ ፈተናው ላይ ስም መደበቅ ስለማይቻል ሦስቱም ሳይነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ወረቀቱን አንቺ ትሰበስቢያለሽ። በጣም የተራራቀ ነጥብ ካየሽ ሁለቱንም ምክንያታቸውን በጽሑፍ ጠይቂ።

የወደቀውም ሰው ወረቀቱን ይይ። የት እንደሳተ ካየ ሁለተኛ ይዘጋጃል። ካላየ ግን ቅሬታ ያቀርባል፤ አንቺም የምትመልሺለት አይኖርሽም። ጡረታ የወጡትንም ሰውዬ ደውለሽ ጠይቂያቸው፤ ለሚተካቸው ሰው ጥቂት ፈረቃ አብረውት ቢቀመጡ ፈቃደኛ የሚሆኑ ይመስለኛል። ለጊዜውም ውል አዘጋጂላቸው፤ በነጻ እንዳይሆን።